«ወደ ዘፈን ገባች» ስንል ምን ማለታችን ነው?

ባለፈው ቅዳሜ ማታ በአዳራሻችን በተዘጋጀው የመዝናኛ ፕሮግራም ላይ የነበራችሁ ሁሉ ታስታውሳላችሁ። አንዲት የሁለተኛ ዓመት ሠልጣኝ መድረክ ላይ ወጥታ በአማርኛ ራፕ ታወርድ ጀመር። ስንኟ ስል፣ ቤት አመታቷም የተዋጣለት ነበርና አዳራሹ በፉጨትና በጭብጨባ ተናጋ። ወደ መጨረሻው ገደማ ግን ድምጿን አለስልሳ አዝማቹን በዜማ ስትጀምር ከኋላ ወንበር «በቃ፣ ወደ ዘፈን ገባች!» የሚል ድምፅ ተሰማ። ሳቅ ተከተለ። ልጅቷ ያቀደችውን ሳታቋርጥ ጨርሳለች። ከመድረክ ስትወርድ ግን ፊቷ ሌላ ነበር።

እውነቱን ለመናገር ከሳቁት መካከል እኛም ነበርንበት። ብዕር ያስነሣንም ይኸው ነው። በማግሥቱ ነገሩ ከምግብ ሰልፍ ተነሥቶ እስከ መኝታ ክፍል ድረስ ክርክር ሆኖ ዋለ። ገሚሱ «ራፐር ከሆነች ራፐር ትሁን፣ ዘፋኝ ከሆነች ዘፋኝ ትሁን፤ ምን መሐል ቤት ያዋልላታል?» ይላል። ገሚሱ ደግሞ የውጭዎቹን ስም እየጠራ «ኒኪ ሚናዥ እንዲሁ አይደለም እንዴ የተበላሸችው? ዶጃ ካትስ?» እያለ ማስረጃ ይደረድራል። አንድ አሠልጣኝ መምህራችን በሻይ ሰዓት ቆም ብለው ሲያዳምጡን ቆይተው «ለመሆኑ ይህን ሕግ ማን አወጣው?» ብለውን ሄዱ። እሳቸው ሄዱ፣ ጥያቄው ግን እኛው ዘንድ ቀረ። ሳምንቱን ሙሉ ስናገላብጠው ሰንብተን የደረስንበትን እነሆ ለጥፈናል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።

ነገሩን ከሥሩ እንጀምር። የሂፕ ሆፕ ልደት ተብሎ የሚጠቀሰው ኦገስት 11 ቀን 1973 በኒው ዮርክ ከተማ፣ ብሮንክስ በሚባለው ክፍል፣ ሴጅዊክ ጎዳና ላይ ባለ 1520 ቁጥር ሕንፃ ውስጥ የተደረገ የሠፈር ጭፈራ ነው። ሸክላውን ያጫወተው ከጃማይካ የመጣው ኩል ሀርክ ነበርና ታሪክ የእሱን ስም ይዞ ቀርቷል። ጭፈራውን ያሰናዳችው ግን እኅቱ ሲንዲ ካምቤል ናት። ያሰናዳችበት ምክንያትም ትምህርት ቤት ሲከፈት የምትለብሰው አዲስ ልብስ ስላማራትና መግዣ ገንዘብ ስለፈለገች ነው። መግቢያው ለሴት 25 ሳንቲም፣ ለወንድ 50 ሳንቲም ነበር። እንግዲህ ይታያችሁ፤ ዓለምን ያዳረሰው ሙዚቃ የተነሣው ከአንዲት ተማሪ የልብስ አምሮት ነው!

ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በ1979፣ ራፕን ከሠፈር ጭፈራ አውጥታ በሸክላ ያስቀረጸችውና ለሰፊው ገበያ ያበቃችውም ሴት ናት፤ ሲልቪያ ሮቢንሰን ትባላለች። ሹገር ሂል የተባለውን አሳታሚ ኩባንያ ከባለቤቷ ጋር ያቋቋመችው እሷ ስትሆን፣ ‹ራፐርስ ዲላይት› የተሰኘው ሸክላ የወጣው ከእሷ እጅ ነው። ታዲያ ይህች ሴት ከዚያ በፊት ምን ነበረች? ዘፋኝ! በ1973 ‹ፒሎው ቶክ› በሚል የፍቅር ዘፈን ዝና ያተረፈች ድምጻዊት ነበረች። በዚያው በ1979 ደግሞ ከደቡብ ካሮላይና የመጡ ዘ ሲክዌንስ የተባሉ ሦስት ልጃገረዶችን አስቀረጸች። ከሦስቱ አንዷ ኋላ አንጂ ስቶን ተብላ በሶል ሙዚቃ ስሟ የገነነ፣ በ2025 በመኪና አደጋ ያረፈችው ድምጻዊት ነበረች። ስለዚህ ራፕና ዜማ ከጅምሩ በአንዲት ሴት ጉሮሮ ውስጥ አብረው ነበሩ ማለት ነው። በሁለቱ መካከል አጥሩ የታጠረው ኋላ ነው።

የአጥሩን ጠባይ ለማየት አንድ ነገር እንጨምር። በ1981 ብሎንዲ የተባለው ባንድ ‹ራፕቸር› በሚል ዘፈን የአሜሪካን የቢልቦርድ ሰንጠረዥ መርቶ ነበር። ድምጻዊቷ ዴቢ ሃሪ በዘፈኑ ውስጥ ዜማውን ትታ ራፕ ታደርጋለች። ራፕ ያለበት ዘፈን 1ኛ ሲወጣ ይህ የመጀመሪያው ነው። እንግዲህ ነጭ ዘፋኝ ከዜማ ወደ ራፕ ስትሻገር መንገዱ ወለል ያለ ነው፤ ጥቁሯ ራፐር ከራፕ ወደ ዜማ ስትሻገር ግን ኬላ አለበት። ቀረጥም ይከፈልበታል።

ኬላው ማነው ብሎ የሚጠይቅ ቢኖር፣ አንደኛው ራዲዮ ነው። አሜሪካ ውስጥ አብዛኛው የሙዚቃ ጣቢያ የሚያጫውተው ሙዚቃ በዓይነቱ የተከለለ ነው። ይሄኛው ለጥቁር ወጣቶች፣ ያኛው በሰንጠረዥ ከላይ ያሉትን አርባ ዘፈኖች፣ ሌላው የገጠር ዘፈን እያለ ይቀጥላል። በ1980ዎቹ ብዙዎቹ የፖፕ ጣቢያዎች ራፕን አያስጠጉም ነበር። እንዲያውም «እኛ ዘንድ ራፕ የለም» ማለትን እንደ ማስታወቂያ የሚጠቀሙ ነበሩ። ትልቁ ገንዘብ ደግሞ ያለው እዚያው ፖፕ ጣቢያ ላይ ነው። ስለዚህ አሳታሚው ኩባንያ ራፐሩን «አንድ የሚዜም አዝማች ጨምርበት» ይለዋል። አዝማቹ የይለፍ ወረቀት ነው በሉት።

አሁን ልብ በሉ። ወንዱ ራፐር ይህ ሲጠየቅ ምን ያደርጋል? አንዲት ድምጻዊት ይጠራና አዝማቹን እሷ ታዜምለታለች። ጄይ ዚ በ2009 ‹ኢምፓየር ስቴት ኦቭ ማይንድ› በተሰኘው ዘፈን ሰንጠረዡን ሲመራ አዝማቹን ያዜመችለት አሊሺያ ኪስ ናት። እሱ ራፑን ራፕ አድርጎ ወረደ፤ ማንም «ወደ ዘፈን ገባ» አላለውም፤ እጁ ንጹሕ ነዋ! ሴቷ ራፐር ግን ማዜምም ስለምትችል ሰው ሳትለምን ራሷ አዜመችው። በዚህ ጊዜ ነው እንግዲህ ክሱ የሚመጣው። ሁለት ሙያ መቻሏ ጥፋት ሆኖ ተቆጠረባት ማለት ነው። በእኛም አገር ለቅሶ ቤት አልቃሿ በንግግር ጀምራ በዜማ ስትጨርስ «ከየት ወዴት ተሻገርሽ?» የሚላት የለም። ጉዳዩ ግጥሙ አንጀት ይበላል ወይስ አይበላም ነው።

የሶልት ኤን ፔፓን ታሪክ እንይ። ሼረል ጄምስና ሳንድራ ዴንተን ኒው ዮርክ ውስጥ አንድ ኮሌጅ ሲማሩ የተዋወቁ፣ በመደብር ሠራተኝነት የሚተዳደሩ ልጆች ነበሩ። ‹ፑሽ ኢት› የተባለው ዘፈናቸው መጀመሪያ የታተመው በሌላ ዘፈን ሸክላ ጀርባ ላይ ነበር፤ ማሟያ እንበለው። ሰው ግን ሸክላውን እየገለበጠ ጀርባውን ይሰማ ጀመር። በ1988 ሎንዶን ዌምብሌይ ስታዲየም ለኔልሰን ማንዴላ 70ኛ ዓመት ልደት በተደረገው ትልቅ ኮንሰርት ላይ ቀረቡ፤ ዘፈኑም በእንግሊዝ ሰንጠረዥ 2ኛ ደረጃ ድረስ ወጣ። ያን ጊዜም «ይሄ ራፕ ሳይሆን ፖፕ ነው» ያላቸው ብዙ ነው። እነሱ ግን በ1991 ስለ ፆታ ግንኙነት በግልጽ እንነጋገር የሚል ዘፈን አወጡ። ቀጥሎም ያንኑ ዘፈን ቃሉን ለውጠው ስለ ኤድስ ማስተማሪያ አደረጉት። ወላጅም አስተማሪም ለማንሣት ያፍሩበት የነበረውን ነገር ልጆቹ ራዲዮ ላይ በዜማ ሰሙት። ያ ትምህርት በራፕ ጣቢያ ብቻ ተከልሎ ቢቀር ኖሮ ስንቱ ይሰማው ነበር? እኛ ነገ ሳይንስና የሥነ ዜጋ ትምህርት የምናስተምር ሰዎች ይህን ቀላል ነገር ነው ብለን ልናልፈው አይገባም።

ስለ ኩዊን ላቲፋ ብዙ አንልም፤ ፊልሟን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በ1989 ‹ኦል ሄይል ዘ ኩዊን› ብላ ራፕ ውስጥ የነገሠች የኒው ጀርዚ ልጅ ናት። በ1993 ሴቶችን በስድብ ቃል የሚጠሩትን ወንዶች ፊት ለፊት በተጋፈጠችበት ‹ዩኒቲ› በተሰኘው ሥራዋ ግራሚ አገኘች። በ2004 ደግሞ ራፑን ወደ ጎን አድርጋ የድሮ ጃዝና ሶል ዘፈኖችን ያዜመችበትን አልበም አወጣች። የአልበሙ ስም ‹ዘ ዴና ኦወንስ አልበም› ነው። ዴና ኦወንስ ማለት እናቷ ያወጣችላት ስም ነው! ስታዜም ሌላ ሰው ሆነች የሚሉ ሁሉ ይህን ርእስ ቢያዩት ምን ይሉ ይሆን?

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም የምንልባት ሎሪን ሂል ናት። እሷም የኒው ጀርዚ ልጅ ስትሆን ከፊዩጂስ ቡድን ጋር በ1996 ባወጡት አልበም ላይ ሮበርታ ፍላክ በ1973 ዝነኛ ያደረገችውን የድሮ ዘፈን አዚማ ዓለምን ጉድ አሰኘች። ራፐር ሆና ሳለ በሰፊው ያሳወቃት የሚዜም ነገር ነው። በ1998 ብቻዋን ‹ዘ ሚስኤጁኬሽን ኦቭ ሎሪን ሂል› የተባለውን አልበም አወጣች። ከዚያ አልበም የወጣው ‹ዱ ዎፕ› የቢልቦርድን ሰንጠረዥ ሲመራ ራፑም የእሷ፣ ዜማውም የእሷ ነበር። ራፕ ስታደርግ ትሰማታላችሁ፤ ሳታስነግር ወደ ዜማ ትገባለች፤ መልሳ ትወጣለች። በር የለውም። በ1999 በአንድ ሌሊት አምስት ግራሚ ወሰደች። የዓመቱ ምርጥ አልበም የሚለውን ሽልማት ያገኘ የመጀመሪያው የሂፕ ሆፕ አልበምም ይኸው ነው።

ለእኛ ለመምህራን ግን ከሽልማቱ የሚበልጠው ሌላ ነው። የአልበሙ ርእስ የተዛባ ትምህርት ማለት ሲሆን፣ ካርተር ጂ ዉድሰን የተባሉት ጥቁር የታሪክ ምሁርና አስተማሪ በ1933 ካሳተሙት መጽሐፍ ርእስ ጋር የተያያዘ ነው። አልበሙ ሲጀምር ዘፈን አይሰማም፤ ደወል ይደወላል፣ ከዚያ አስተማሪ ስም ሲጠራ ይሰማል! ተማሪዎቹ አቤት አቤት ሲሉ ቆይተው የሎሪን ስም ሲጠራ መልስ የለም፤ ቀሪ ናት። ከዘፈን ወደ ዘፈን በሚኬድበት መሐል አስተማሪው ልጆቹን ስለ ፍቅር እየጠየቀ ያወያያቸዋል። አስተማሪውን ሆኖ የተቀረጸው ራስ ባራካ እውነተኛ መምህር ነበር፤ በ2014 የኒውአርክ ከተማ ከንቲባ ሆኖ ተመርጧል። የጥያቄ አጠያየቁን በማስተማር ዘዴ ትምህርታችን ከተማርነው ጋር አስተያዩት። ልጆቹን አያቋርጥም፣ መልስ አይሰጥም፣ ያስወራቸዋል። (ይህን ስንጽፍ አንዱ ባልደረባችን «የማይክሮ ቲቺንግ ነጥቡ ስንት ይሆን?» ብሎ አሳቀን።) እንግዲህ ፖፕ ውስጥ ገባች የተባለችው ሴት ይዛ የገባችው የመማሪያ ክፍል ነው።

ነገር ግን ተረት አናውራ፤ ይህም አልበም ጣጣ አላጣውም። አብረዋት የሠሩ አራት ሙዚቀኞች በሥራው የእኛም ድርሻ አለበት ብለው በ1998 ከስሰዋት ነገሩ በ2001 በስምምነት አልቋል። ሎሪንም ከዚያ ወዲህ ሌላ የስቱዲዮ አልበም ብቻዋን አላወጣችም። ከእሷ በኋላ አንዲት ራፐር ያለ ማንም ተጨማሪ ድምፅ ብቻዋን ያንን ሰንጠረዥ እስክትመራ ድረስ 19 ዓመት ፈጀ፤ እሷም በ2017 ካርዲ ቢ ናት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት! በዚያ መካከል የተወለደ ልጅ እኛ ተቋም ሊገባ ይደርሳል። በሩ ለሴት ራፐር ምን ያህል ጠባብ እንደ ነበር ከዚህ በላይ የሚናገር የለም።

አሁን ወደ ኒኪ ሚናዥ እንምጣ፤ የመኝታ ክፍሉ ክርክር የጦፈው በእሷ ነውና። ትውልዷ ትሪኒዳድ፣ እድገቷ ኒው ዮርክ ኩዊንስ ነው። በ2012 ያወጣችው አልበም እንደ ሁለት ደብተር ነበር፤ የፊቱ ራፕ፣ የኋላው ፖፕ። ከኋለኛው ክፍል ‹ስታርሺፕስ› የተባለው የዳንስ ዘፈን በየአገሩ ተጫወተ። በዚያው ዓመት በጁን ወር ሆት 97 የተባለው የኒው ዮርክ የሂፕ ሆፕ ራዲዮ ጣቢያ በሚያዘጋጀው ሰመር ጃም በተሰኘ ትልቅ ኮንሰርት ላይ ዋናዋ ተጋባዥ እሷ ነበረች። ሆኖም እሷ ከመድረሷ በፊት አንድ የጣቢያው አቅራቢ መድረክ ላይ ወጥቶ ያንን ዘፈን የእውነተኛ ሂፕ ሆፕ ወዳጅ የማይሰማው አድርጎ አናናቀው። ወሬው ደረሳት። መጣሁም አላለች፣ ቀረች። ሰውየው በኋላ ይቅርታ ጠይቋል።

አስገራሚው ነገር፣ በዚያች ሌሊት ክፍተቱን የሸፈነው ራፐሩ ናስ ሲሆን፣ መድረክ ላይ ይዟት የወጣው ማንን መሰላችሁ? ሎሪን ሂልን! አንዲቱ ዘፈነች ተብላ በተናቀችበት መድረክ ላይ ሌላዋ፣ ያውም ስታዜም የኖረችው፣ በክብር ተጨበጨበላት። ታዲያ ያ ሁሉ ቁጣ በእውነት ስለ ማዜም ነበር እንዴ?

ወንዶቹንም እንያቸው። አንድሬ 3000 በ2003 ‹ሄይ ያ› ብሎ ጊታር ይዞ ዘፈነ፤ ረቂቅ ሰው ተባለ። ካንዬ ዌስት በ2008 አንድ አልበም ሙሉ በመሣሪያ በተለወጠ ድምፅ አዜመ። በርግጥ እሱን ያፌዙበት ነበሩ፣ ያን አንክድም። ነገር ግን ዓመታት ሲያልፉ ያ አልበም መንገድ ጠራጊ ተብሎ ተወደሰ። ድሬክ ደግሞ ከኒኪ ጋር በአንድ ኩባንያ ሥር የነበረ ነው። የሰመር ጃሙ ነገር በሆነ በዓመቱ፣ በ2013፣ ‹ሆልድ ኦን ዊር ጎይንግ ሆም› የሚል ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚዜም ዘፈን አወጣ። ያ ዘፈን በራሱ በሂፕ ሆፕና አር ኤንድ ቢ ሰንጠረዥ ላይ ከአናት ተቀምጦ ነበር። ለወንዱ ማዜም «አደገ» ሲባል ለሴቷ «ወጣች» ነው። አንዱ እንደ ዛፍ፣ አንዷ ከቤት እንደ ኮበለለች ልጅ!

ተከራካሪዎቻችን ግን ባዶ እጃቸውን አይደሉም። «እሷ ራሷ መች ወደደችው?» ይላሉ። እውነት ነው፤ ኒኪ ሚናዥ ከዓመታት በኋላ ‹ስታርሺፕስን› መድረክ ላይ መጫወት እንደማትፈልግ ተናግራለች። ዶጃ ካትም በ2023 ከዚያ በፊት ያወጣቻቸውን ሁለት የፖፕ አልበሞቿን ለገንዘብ የተሠሩ ናቸው ብላ አጣጥላለች። ይህን ሳንጠቅስ ብናልፍ አድሏዊ እንሆናለን። ከዚህም አልፎ፣ ወደ ፖፕ መሻገር ራፐሯን ጌጥ ብቻ የሚያደርግበት ጊዜ አለ። ሊል ኪም በ2001 ከሦስት ዘፋኞች ጋር በሠራችው ‹ሌዲ ማርማሌድ› ሰንጠረዡን መርታለች። ስንኟ ግን በእንግድነት ገብቶ የሚወጣ አጭር ነገር ነው። ዘፈኑ ያለ እሷም ይሄድ ነበር ቢባል ሐሰት አይደለም። ስለዚህ ሁሉም መሻገር መልካም ነው አንልም። የሚያከስር መሻገር አለ።

ይሁንና ልብ ማለት የሚገባን ልዩነት አለ። ሠሪዋ የራሷን ሥራ ስታጣጥል ሂሳብ የምታወራርደው ከራሷ ጋር ነው። ዶጃ ካት ያንን ከተናገረች በኋላ በዚያው በ2023 ራፕ የበዛበት አልበም ሠርታ ከውስጡ በወጣ አንድ ዘፈን የአሜሪካን ሰንጠረዥ መራች፤ በ2025 ደግሞ ወደ ሰማንያዎቹ ዓይነት ፖፕ ተመልሳ ሌላ አልበም አወጣች። ወጣች፣ ገባች፣ ተመለሰች፤ ቤቱ የራሷ ነው። የራዲዮ አቅራቢው ግን ቤቱ የእሱ ይመስል በር ላይ ቆሞ ነበር የሚመልሳት።

ለእኛ መመዘኛው ብዕሩን የያዘው ማነው የሚለው ነው። ሚሲ ኤሊዮትን ውሰዱ። ራሷ አልበም ሳታወጣ በፊት፣ በ1996፣ ከቲምባላንድ ጋር ሆና ለዘፋኟ ለአሊያ ዘፈን ትጽፍ ነበር። በ1997 የራሷን አልበም ስታወጣ ራፑንም ዜማውንም ቀላቅላ አቀረበችው። ፖፕ ወደ እሷ መጣ ቢባል ይሻላል እንጂ እሷ ወደ ፖፕ ሄደች አይባልም። በ2019 የዘፈን ደራሲያን የክብር መዝገብ ውስጥ ገባች። በ2023 ደግሞ የሮክ ኤንድ ሮል የክብር አዳራሽ ውስጥ የገባች የመጀመሪያዋ ሴት ራፐር ሆናለች። ስለ ሚሲ ካነሣን አይቀር፣ ግራሚ ለሴት ራፐሮች ብቻ የሚሰጥ ሽልማት በ2003 ጀምሮ ነበር። በ2003ም በ2004ም እሷው ወሰደችውና ሽልማቱ በዚያው ቀረ። ሴቶቹን ለብቻ ማወዳደር ከሁለት ዓመት አላለፈም። ከዚያ ወዲህ ከወንዶቹ ጋር በአንድ ሚዛን ሆነው በምርጥ የራፕ አልበም ካርዲ ቢ በ2019፣ ዶቺ በ2025 ማሸነፋቸውን አይተናል።

ይህ ሁሉ የአሜሪካ ወሬ ለእኛ ምናችን ነው የሚል አይጠፋም። የማስተማር ልምምድ ስንወጣ በግምገማው ቅጽ ላይ «ድምፅ» የሚል ነጥብ አለ አይደል? ባለፈው ሴሚስተር እርስ በርስ ስንገማገም የሰጠነውን አስተያየት እስቲ አስታውሱ። ሴቷ ሠልጣኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ስታስተምር «ክፍል መቆጣጠር አትችልም» ተባለች። ያችው ልጅ በሚቀጥለው ሳምንት ጮክ ብላ ስታስተምር «ወንዳወንድ ሆነች» ተባለች። ወንዱ ጮክ ሲል «ሞገስ አለው»፣ ዝቅ ሲል «ሰከን ያለ ነው» ብለን ጽፈንለታል። ወረቀቶቹ እጃችን ላይ ናቸው፤ አንዳንዱ የእኛው የእጅ ጽሕፈት ነው። ከዓመት በኋላ ደግሞ በየወረዳው ክፍል ውስጥ ቆመን ስም የምንጠራው፣ ልጆችንም «አንቺ ለዚህ ነሽ፣ ለዚያ አይደለሽም» የምንለው እኛው ነን።

የቅዳሜዋን ሠልጣኝ ረቡዕ ዕለት ቤተ መጻሕፍት አግኝተናት ይቅርታ ጠይቀናል። ስለ ሳቁ ብዙም አላለችም። «አዝማቹን ያዜምኩት እኮ ራፑ ላይ ያለው ነገር በንግግር ስለማይወጣልኝ ነው» አለችን። ግጥሙ ስለ አያቷ ነበር። እኛ ስንስቅ ያንን አልሰማንም።

የሚቀጥለው የመዝናኛ ፕሮግራም ከፈተና በኋላ ስለሚሆን መመዝገብ የሚፈልግ የክበቡን ጸሐፊ ያነጋግር። ከላይ በተጻፈው የማይስማሙ፣ በተለይም የኋላ ወንበር ተቀማጮች፣ መልሳቸውን ከሁለት ገጽ ባልበለጠ ጽፈው እስከ ሐሙስ በቤተ መጻሕፍቱ በር አጠገብ ባለው የጋዜጣው ሣጥን ያስገቡ። ሳንቆርጥ እንለጥፋለን።